ዶክተሩ «ይውጡ» ካሉ በኋላ፦ ታካሚን ከሆስፒታል ተረክቦ ቤት ማስታመም

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ሕዝቡ ዛሬም «ሪፈራል» ነው የሚለው። የሚያክመውም የከተማውን ሰው ብቻ አይደለም። ከበንሳ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ፣ ከጉጂ ሳይቀር ሰው ይመጣል። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ነው የታሰበው፤ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 25,000 ለሚደርስ። ቁጥሩን ያስቀደምኩት ዎርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀውን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው፦ «ገና ሳይድን ለምን ያስወጡታል?» አልጋው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

የሆስፒታል አልጋ ሆስፒታል ብቻ ሊሠራው ለሚችለው ሥራ ነው፦ ለቀዶ ሕክምና፣ በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት፣ ለኦክስጅን፣ በየሰዓቱ ለሚደረግ ክትትል። እነዚህ ሲያልቁ የቀረው ሥራ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠት፣ ቁስል መጠበቅ፣ ሌላ ቦታም ሊሠራ ይችላል። ከዚያ በላይ መቆየት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ አቅሙ የደከመ ሰው ዎርድ ውስጥ ሌላ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ይውጡ» ማለት «ድነዋል» ማለት አይደለም። «ተስፋ ቆርጠንባቸዋል» ማለትም አይደለም። ሥራው ከነርሶችና ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ቤተሰብ እጅ ገባ ማለት ነው። አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ዕቃ ሲረከብ ሳይቆጥር አይፈርምም፤ ቤተሰብ ግን ሰው ያህል ነገር ሳይጠይቅ ተረክቦ ይወጣል። በነርስነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ችግር ይህ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

እንዲያው ለምሳሌ አንዲት የ60 ዓመት እናትን እናስብ። ከበንሳ በስትሮክ መጡ። ግራ እጅና እግራቸው ደክሟል፣ ስኳር አለባቸው፣ የሽንት ቱቦ ገብቶላቸዋል። አሁን ሊወጡ ነው። ቤተሰቡ ምን ማወቅ አለበት?

ማን ነው የሚረከበው?

ከዶክተሩ ጋር የሚነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሂሳቡን ይከፍላል፣ ሁሉንም ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። እናቱን ቤት የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ሌሊት የምትነሳላቸው ግን ዎርዱን አይታ የማታውቅ ምራት ወይም ገና ተማሪ የሆነች ልጅ ናት። አስታማሚውም በየቀኑ ይቀያየራል፤ ዛሬ አክስት፣ ነገ ጎረቤት። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሰማል፣ ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ዋና አስታማሚ ይሰየም። ቤት ውስጥ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ይሁን፣ ቢቻል ሌላ አንድ ተተኪ ይኑረው። ያ ሰው ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ዎርድ ውስጥ ይገኝ። ነርሷ ስታገላብጥ አይቶ «ገባኝ» ማለት አይበቃም። እሱ ያገላብጥ፣ ነርሷ ትመልከተው። ኢንሱሊኑን እሱ ይቅዳ፣ የሽንት ከረጢቱን እሱ ያፍስስ። የተሳሳተውን እዚያው ቢያርሙት ይሻላል። ዋና አስታማሚዋ ከአማርኛ ይልቅ ሲዳሙ አፎ የሚቀላት ከሆነ ደግሞ በቋንቋዋ የሚያስረዳት ባለሙያ እንዲመደብ ጠይቁ። ለማስቸገር እንዳይመስላችሁ፤ በግማሽ የተሰማ የመድኃኒት ትእዛዝ ሰው ይጎዳል።

ጥያቄውን ለመውጫው ቀን አታቆዩት። «ይውጡ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በየአልጋው ሲዞሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ሂሳብ በመዝጋት፣ መድኃኒት በመግዛትና መኪና በመፈለግ ያልቃል። በዚያ ሩጫ መሀል የተነገረ ምክር ጆሮ አይገባም። ታማሚው በተኛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ «መቼ ገደማ ሊወጡ ይችላሉ? ቤት ሲገቡስ ምን ያስፈልጋቸዋል?» ብሎ መጠየቅ መልካም ነው።

ወረቀቱን ሳታነቡ አትውጡ

የመውጫ ወረቀቱ ላይ የበሽታው ስም፣ የተደረገው ሕክምና፣ የሚቀጥሉት መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ እንዲሁም ቀጠሮው መኖር አለባቸው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነርሷን ወይም ኢንተርኑን (በሥልጠና ላይ ያለውን ሐኪም) «በአማርኛ ንገሩኝና ልጻፍ» በሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶም ያዙ። «ቢአይዲ» ማለት በቀን ሁለቴ፣ «ቲአይዲ» ማለት በቀን ሦስቴ ነው። በቀን ሁለቴ ማለት ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት እንጂ ቁርስና ምሳ ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን መድኃኒት ማብቂያም ጠይቁ። ፀረ ባክቴሪያው ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ያልቃል፤ የደም ግፊቱና የስኳሩ ግን ልኬቱ ስለተስተካከለ አይቆምም። የተስተካከለው እኮ በመድኃኒቱ ነው። ስትሮክ ከሚደጋገምባቸው ምክንያቶች አንዱ «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ነው።

ቀጠሮው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈም አረጋግጡ። ወረቀቱ ላይ «10/5» ተብሎ ብታዩ በእኛ ጥር 10 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ግን ግንቦት 2 ይሆናል። መድኃኒት ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «2 ሰዓት» የጠዋቱ ነው ወይስ ከቀኑ 8 ሰዓት?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከጤና ጣቢያ አዲስ ሪፈር (የመላኪያ ወረቀት) ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ጨርሱ። የመክፈል አቅም ከሌለ ለሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ቀድሞ መናገር ይሻላል። «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ» ብሎ ከፈረሙ በኋላ መንገዱ ይጠባል። ብዙ ሰው ትክክለኛውን ምክንያት፣ ገንዘብ ማለቁን፣ ለመናገር አፍሮ ሌላ ሰበብ ይሰጣል። አትፈሩ፣ ተናገሩት። ላይዘን ኦፊስ የሚባለው ክፍል ሪፈርን፣ አልጋንና አምቡላንስን የሚያስተባብር ነው፤ በአካባቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሰጥ የፊድባክ ወረቀትም (የተደረገውን ሕክምናና ቀጣዩን ክትትል የሚገልጽ) ጠይቁ። ያ ወረቀት ካለ፣ ግፊት ለመለካትም ሆነ ቁስል ለማጠብ በየጊዜው ሐዋሳ ድረስ መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል።

መንገዱንም አስቡት። ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው በጠባብ ወንበር ረጅም መንገድ አይችልም። ቀጠሮው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆነ ሐዋሳ ዘመድ ቤት ወይም በቀን የሚከፈልበት ክፍል ውስጥ ቆይቶ፣ ቀጠሮውን ጨርሶ መሄድ ከመመላለስ ሊረክስ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት አስሉት።

ቆዳው

ቤት ውስጥ ታማሚን በፍጥነት የሚጎዳው፣ ቤተሰብም ዘግይቶ የሚያየው የአልጋ ቁስል ነው። አጥንት ከላይ ይጫናል፣ ፍራሹ ከታች ይገፋል፣ መሀል ያለው ሥጋ ደም ያጣል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊጀምረው ይችላል። የታችኛው ወገብ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ የትከሻ አጥንትና የጭንቅላት ጀርባ ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው።

መከላከያው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፦ ከጀርባ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ወደ ደከመው ጎን ሲዞሩ ክንዱ ከሥር እንዳይቀር ተጠንቀቁ። በጎን ሲተኙ በጉልበቶቻቸው መሀል ትራስ ይግባ። ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ደግሞ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ። የሕክምና ጓንት ውሃ ሞልቶ ከተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ። ሁለቱንም ተዉአቸው፤ ጫናውን ወደ ጎን ያዞሩታል እንጂ አያነሱትም። ስታነሷቸውም አትጎትቷቸው፤ ከሥር አንሶላ አድርጋችሁ ለሁለት በአንሶላው አንሷቸው። የደከመውን ክንድ ይዞ ማንሳት ትከሻውን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል።

መጻሕፍት «ቆዳው ሲቀላ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ስታጥቧቸው በእጃችሁም ፈትሹ፦ ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ቦታ አለ? ካለ መጀመሪያው ነው፤ ከዚያ ቦታ ጫናውን ሙሉ በሙሉ አንሱ። አታሹት። ቁስል ከሆነ በኋላ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት ወይም የተቀጠቀጠ ቅጠል አታድርጉበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። በሽንት የራሰ አንሶላ ላይ ማደር ቆዳውን ያረጥበውና ቶሎ ያስቆስለዋል፣ ስለዚህ ሌሊትም ይታይ።

አፉና ማዕዱ

ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ አቅም ሊደክም ይችላል። ምግቡ ወደ ጨጓራ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ይገባና ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ብዙ ሰው ጠንካራ ምግብ ይፈራል፤ ለነዚህ ሰዎች ግን ይበልጥ አደገኛው እንደ ውሃ ያለ ቀጭን ፈሳሽ ነው። «እማዬ ውሃ ጠማት» ብሎ ተኝተው እያሉ በብርጭቆ ማጠጣት ከምናየው ስህተት ሁሉ የከፋው ነው። ቀና ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ይዘንበል፣ በትንሽ ማንኪያ ይጉረሱ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይሰጥ። በደከመው ጉንጭ ውስጥ ምግብ እንዳይቀር እዩ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ሲበሉ ከሳሉ ወይም ድምፃቸው እርጥብ (ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ ያለ የሚመስል) ከሆነ አቁሙና ባለሙያ አማክሩ። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ ከሆነም ቢሆን ተኝተው አይደለም፤ ቱቦው በቦታው መሆኑን እንዴት እንደምታረጋግጡ ሳታዩ ዎርዱን አትልቀቁ።

ምኑን ይብሉ? የቡላ ገንፎ ለስላሳ ስለሆነ ለመዋጥ ይመቻል፣ ቆጮም የቤቱ ማዕድ ነው። ሁለቱ ግን ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ አይደሉም፤ ፕሮቲናቸው በጣም ጥቂት ነው፣ ቡላ ደግሞ የስኳር ታማሚን ስኳር ቶሎ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ይቀነስና እንቁላል፣ አይብ፣ የሽሮ ወይም የምስር ፍትፍት ይጨመርበት። ሐዋሳ ሆኖ ዓሣ መርሳት አይገባም። የቀረሶ ሾርባ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ ቢሰጥ ቁስል ለሚሽርለትም ሆነ አቅም ለሚያጣ ሰው ግሩም ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን የፕሮቲኑን ልክ ከሐኪሙ ይጠይቅ። ጨው ሲቀነስ ደግሞ ወጡ ላይ ብቻ አይሁን፤ ገጠር ቡናው ውስጥ የሚጨመረውም ጨው ይቆጠራል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ መርጋት ግን የለበትም። የተከፈተው ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በቤት ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት። ፍሪጅ ከሌለ፣ በሐዋሳ የቀን ሙቀት፣ እርጥብ አሸዋ ባለው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ከተዘለለ ስኳር ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት። የሚውጡ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የጾም ጉዳይ ካለ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ወይም ከሼሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጠበል ከሄዱም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ።

ስለ ሽንት ቱቦ ባጭሩ። ዋናው ጥያቄ «መቼ ይወጣል?» ነው፣ ምክንያቱም በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን ይቀርባል። ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛ በታች ይሁን፣ መሬት ግን አይንካ። ለብዙ ሰዓት ሽንት ካልወረደ፣ ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ከመጣ አትጠብቁ።

ቤት ውስጥ ቀድሞ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስባችሁ ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ። ኖርቫስክና አምሎዲፒን አንድ መድኃኒት ነው፤ ስሙ ስለተለየ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው አለ። ለጎረቤት ወገብ የታዘዘ ዲክሎፌናክም ለግፊትና ለኩላሊት ታማሚ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፣ አስታማሚ፣ እውነት

ጠያቂ መምጣቱ በረከት ነው፤ የታመመ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ነገር ግን ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሞላ ታማሚው አያርፍም፣ አስታማሚዋም ቡና ስታፈላ ትውላለች፣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጡም ይረሳል። የጥየቃ ሰዓት መወሰን ነውር አይደለም፤ «ዶክተሩ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ብለዋል» ማለት ይቻላል። ጉንፋን ያለበት ሰው በስልክ ይጠይቅ። ጁስና ለስላሳ ለስኳር ታማሚ አይምጣ፤ በሱ ፈንታ እንቁላል፣ ሳሙና፣ ወይም ከሁሉ የሚሻለው የአንድ ሌሊት ተረኝነት። እንግዲህ አስታማሚዋም ሰው ናት። ትምህርቷን አቋርጣ ወራት የምታስታምም ልጅ በየቤቱ አለች፣ ወንድሞቿ ደግሞ ብር በመላክ ብቻ ድርሻቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ተራ ይውጣ፣ ይጻፍ፣ ወንዶቹም ይግቡበት። አንዳንድ እድር ለታመመ አባልም የሚያግዝበት ደንብ ስላለው ጸሐፊውን ጠይቁ።

ከባድ ሕመምን ከታማሚው መደበቅ በእኛ ዘንድ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሲጎዳ አይቻለሁ፦ ሰውዬው ለምን መድኃኒት እንደሚውጥ ስለማያውቅ ይተወዋል፣ ኑዛዜውን ሳይናገር ይደክማል። ቢያንስ «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የማይድን ሕመም ይዘው የሚመለሱም አሉ። ያኔ የቤቱ ሥራ ሕመምን ማስታገስ ነው። የማስታገሻ መድኃኒት ሕመሙ እስኪበረታ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጣል። ሞርፊን ከታዘዘ በታዘዘው ልክ ስጡ፤ በልኩ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ስለሚያደርቅ ግን ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

መቼ ይመለሱ?

ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲያዝ፣ በድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ቁስል መግል ሲይዝ ወይም ሲሸት፣ ሰውዬው እንደ ወትሮው መንቃት ሲያቅተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። የአምቡላንሱ ስልክ ከወረዳችሁ ተጠይቆ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሐዋሳና አካባቢዋ ወባ ስላለ ትኩሳት ሲነሳ «ወባ ነው» ብሎ የወባ ክኒን መግዛት ይቀናናል። በቅርቡ ከሆስፒታል የወጣ ሰው ትኩሳት ግን ከቁስሉ፣ ከሳንባው ወይም ከሽንት ቱቦው ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። አጎበሩም አይረሳ።

ላልከበደው ጉዳይ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች። ታማሚው ቤት መግባቱን በመጀመሪያው ሳምንት ንገሯት፤ ባለሙያዋ ማንም ካልነገራት አታውቅም። ፊዚዮቴራፒ ላይ የታየውን እንቅስቃሴም በየቀኑ አሠሩ። ከስትሮክ በኋላ አካል ይበልጥ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፣ ስለዚህ «መጀመሪያ ይጠንክሩ» ተብሎ የሚያልፈው ጊዜ ዋናው ጊዜ ነው።

ለቀጠሮ ስትመጡ የመውጫ ወረቀቱን፣ ግፊትና ስኳር የተመዘገበበትን ደብተር፣ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በአንድ ፌስታል ያዙ። ከታማሚው ጋር የምትመጣውም ቤት ውስጥ የምታስታምመው ትሁን። ሐኪሙ «ሌሊት እንዴት ነው የሚያድሩት?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የምታውቀው እሷ ናት።